ስም ያልተጻፈለት ቁጥር

አንድ ተራራ የሚለካ ሰው ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። ሌላው ሰው መሬት ይለካል፣ እህል ይሰፍራል፤ የእሱ ሥራ ግን በየማለዳው አንድ ተራራ ካደረበት ቦታ መነቃነቅ አለመነቃነቁን ማየት ነበር።

ተራራው ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት ወገቡ ላይ ተሰንጥቋል። ከሥሩ ዋርካ ግርጌ የምትባል ሰማንያ ሦስት ቤት ያላት መንደር አለች። ስንጥቁ ከሰፋና ተራራው ከተናደ መንደሪቱ አትተርፍም። ስለዚህ መንግሥት ከማዶ ባለው ጉብታ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ቤት አሠርቶ መለኪያ መሣሪያ አስቀመጠባት፤ በተሰነጠቀው ገደል ላይ ደግሞ መስታወት አስተከለ። መሣሪያው ወደ መስታወቱ ብልጭ የሚል ብርሃን ይልካል፤ ብርሃኑ መስታወቱን ነክቶ ይመለሳል፤ መሣሪያውም ብርሃኑ ለመሄድና ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ ይቆጥራል። የዛሬው ጊዜ ከትናንቱ ካጠረ ተራራው ወደ ጉብታው ቀርቧል፣ ማለትም ወደ መንደሪቱ ተንሸራቷል ማለት ነው።

የብርሃን ጉዞ ግን እንደ እግረኛ ጉዞ በሰዓት አይለካም። ዓይን አንዴ ተርገብግቦ እስኪገለጥ ድረስ ብርሃን ምድርን ሁለት ጊዜ ይዞራታል። ስለዚህ ሊቃውንቱ አንዷን ሰከንድ ሺህ ሚሊዮን ቦታ ቆራረሷትና አንዱን ቁራሽ ናኖሰከንድ አሉት። በአንድ ናኖሰከንድ ብርሃን ሠላሳ ሴንቲሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ይህም ለረቂቅ ነገር አልበቃ ሲላቸው ናኖሰከንዱን ራሱን እንደገና ሺህ ቦታ ቆረሱት፤ ያንን ደግሞ ፒኮሰከንድ አሉት። በአንድ ፒኮሰከንድ ብርሃን የሚሄደው የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ ነው።

ይርዳው ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ብዙ የተማረ ሰው አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በመንገድ ሥራ ላይ ቀያሾችን ሲረዳ ኖሮ ነው እዚህ የደረሰው። ነገር ግን ጥንቁቅ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ማለዳ አላመለጠውም። የየቀኑን ልኬት በደብተር ይጽፋል፣ የትናንቱን ከዛሬው ይቀንሳል፣ ለውጡን በስልክ መልእክት ወረዳው ከተማ ወዳለው ቢሮ ይልካል። በመንደሪቱ ሰዎች ዘንድም ስሙ የተከበረ ነበር፤ ይርዳው የጻፈውን ዝናብ አያጥበውም ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ አሮጌው መሣሪያ ተበላሸና አዲስ መጣ። አሮጌው በናኖሰከንድ ነበር የሚቆጥረው፤ አዲሱ በፒኮሰከንድ ይቆጥራል። ይርዳው የሁለት ዓመት ደብተሩ ሁሉ በናኖ ስለተጻፈ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማስማማት ፈለገ። ስለዚህ በየማለዳው መሣሪያው የሰጠውን ቁጥር ለሺህ እያካፈለ ወደ ናኖ ይመልሰው ጀመር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድም ቀን አልሳተውም። ወደ ቢሮው ሲልክ ግን ቁጥሩን ብቻ ይልካል። ናኖ ነው ብሎ አይጽፍም። ሁለት ዓመት ሙሉ ናኖ ሲልክ ኖሯል፤ ለማን ይጠፋዋል?

በዚያው ሰሞን በቢሮው የነበሩት ኃላፊ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ፍሬሕይወት የምትባል ወጣት ኢንጂነር ተተካች። ከአዲሱ መሣሪያ ጋር ባለሙያዎች ያዘጋጁት መመሪያ መጥቶ ነበር። መሣሪያው ወደ ጉብታው ሄደ፤ መመሪያው ቢሮ ቀረ። መመሪያው ተራራው በአንድ ቀን ሁለት ሴንቲሜትር ከተንሸራተተ ሕዝቡ ሳይውል ሳያድር እንዲነሣ ያዛል። ሁለት ሴንቲሜትር በመሣሪያው ቋንቋ ሲነገር መቶ ሠላሳ ሦስት ፒኮሰከንድ ነው። ፍሬሕይወት ይህን ቁጥር በትልቁ ጽፋ ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። መሣሪያው በፒኮ እንደሚቆጥር ታውቃለች፤ ስለዚህ ከጉብታው የሚላክላት ቁጥርም ፒኮ መሆኑን አልተጠራጠረችም። እሷም አልጠየቀችም፣ እሱም አልነገራትም። ሁለቱም ሥራቸውን በትጋት ይሠሩ ነበር።

ነሐሴ ገባ። ዝናቡ ዘጠኝ ቀን ሳያባራ ዘነበ። ከጉብታው የሚላከው ቁጥር ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት የነበረው ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስድስት ሆነ፤ ከዚያ ዜሮ ነጥብ አንድ። እሑድ ዕለት ዜሮ ነጥብ አሥራ አራት ደረሰ። ፍሬሕይወት መልእክቱን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ መዝገቡ ላይ አሰፈረችው፤ ሌላ ሥራ ያዘች።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ከመንደሪቱ ላይኛው ጫፍ ትንሽ ናዳ ወረደ። የተመታው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የሸማኔው የዘለቀ ቤት። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። ዘለቀ ግን እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ሥራው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሸማኔ ከጉድጓዱ ለመውጣት መጀመሪያ የዘረጋውን ድር ማለፍ አለበት። ግድግዳው ሲወድቅ ለዚያ ጊዜ አላገኘም።

ይርዳው ይህን እንደሰማ ለኢንጂነሯ ደወለ። ሰው መሞቱን ነገራት፤ የመንደሩ ሰው ተራራው ሊመጣብን ነው እያለ መስጋቱንም ነገራት። እሷም ከልቧ አዘነች። ከዚያ መዝገቧን ተመልክታ አረጋጋችው።

«ጋሽ ይርዳው፣ የዛሬው ቁጥርዎ ዜሮ ነጥብ አሥራ ሰባት ነው። የአደጋው ወሰን መቶ ሠላሳ ሦስት ነው። ተራራው የፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ አልተነቃነቀም። የወረደው ዝናብ ያራሰው የላይኛው አፈር ይሆናል። ሕዝቡን አያስደንግጡት።»

ይርዳው ወሰኑ መቶ ሠላሳ ሦስት መሆኑን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። የተማረች ሰው ናትና አመናት። ልቡም ቀለል አለው። ወደ ቀብሩ ወርዶ ለሰዉ ሁሉ ተራራው ደኅና ነው፣ የገደለው ዝናቡ ነው ብሎ ነገረ። እሱ ስላለው ሰዎቹ አመኑ፤ ሊሄዱ ዕቃ ያሰሩትም መልሰው ፈቱ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ግን መንደሪቱ ውስጥ ነገር መለዋወጥ ጀመረ። ምንጩ ደፈረሰ። ለዓመታት ያለችግር ሲዘጋ የኖረ በር አልገጥም አለ። የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ አጥር እጅ በሚያስገባ ስፋት ተከፈተ። ይህን ያዩት መሪጌታ ጥበቡ ሰኞ ረፋዱ ላይ በትራቸውን ይዘው ጉብታውን ወጡ። መሪጌታ ጥበቡ በመንደሪቱ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመንና የበዓላትን ቁጥር የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው። ቆርቆሮ ቤቷ ደጃፍ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ከዚያም ተራራው ዛሬ ምን እንዳለው ጠየቁት።

ይርዳው ደብተሩን አመጣና አሳያቸው። የዛሬው ለውጥ ዜሮ ነጥብ አራት ነው፤ ወሰኑ ግን መቶ ሠላሳ ሦስት ነው፣ አንድ እንኳ አልሞላም፣ ስለዚህ አይስጉ አላቸው።

መሪጌታ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ዜሮ ነጥብ አራት ምን?» አሉ።

«ለውጡ ነዋ፣ የኔታ።»

«ለውጥ መሆኑንማ ነገርኸኝ። እኛም ጊዜን እንቆርሳለን፣ ልጄ። ዕለትን ስልሳ ቦታ ቆርሰን ኬክሮስ እንላለን። ኬክሮስን ስልሳ ቦታ ቆርሰን ካልዒት እንላለን። ካልዒትን ስልሳ ቦታ ቆርሰን ሣልሲት እያልን እስከ ሳድሲት እንወርዳለን። ታዲያ ተማሪ መጥቶ ስልሳ ቢለኝ ገና ምንም አልነገረኝም። ስልሳ ፍየልም ስልሳ ነው፣ ስልሳ ቁንጫም ስልሳ ነው። ይኸ ያንተ ቁጥር የምን ነው?»

ይርዳው የናኖሰከንድ መሆኑን ነገራቸው።

«መቶ ሠላሳ ሦስቱስ?»

 የምን እንደሆነ ለይርዳው ማንም አልነገረውም ነበር፤ እሱም አልጠየቀም። ከኪሱ እርሳስ አወጣና ደብተሩ ጀርባ ላይ ማስላት ጀመረ። መቶ ሠላሳ ሦስቱ ናኖሰከንድ ቢሆን፣ ብርሃን ሄዶ የሚመለስ ስለሆነ ለአንዱ ናኖ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ይደርሰዋል። አባዛው። ሃያ ሜትር ሆነ። ተራራ በአንድ ቀን ሃያ ሜትር ከሄደ በኋላ ተነሡ የሚባል ሕዝብ የት ይገኛል? እንዲህ ያለ መመሪያ የሚጽፍ ባለሙያ የለም። ይህን ስሌት ያኔ ማክሰኞ ዕለት፣ ቁጥሩን በስልክ እንደሰማ ሊያሰላው ይችል ነበር። እርሳሱን አስቀመጠና ደወለ።

«ኢንጂነር፣ መቶ ሠላሳ ሦስቱ የምን ነው?»

«የፒኮሰከንድ ነዋ፣ ጋሽ ይርዳው።»

«እኔ የምልክልዎ በናኖ ነው።»

 ናኖን ወደ ፒኮ መመለስ ማለት በሺህ ማባዛት ነው፤ ነጥቧን ሦስት ቤት ወደ ቀኝ መግፋት ነው። ልጅ የሚሠራው ሒሳብ ነው።

«አራት መቶ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ስድስት ሴንቲሜትር ሄዷል። ሕዝቡን ያስነሡ፣ ጋሽ ይርዳው። አሁኑኑ።»

መሪጌታ ጥበቡ ሌላ ማብራሪያ አልጠበቁም። ወርደው ያለሰዓቱ ደወል አስደወሉ። ሰዉ ሲሰበሰብ ይርዳው ፊቱ ቆሞ ባለፈው ሳምንት ተራራው ደኅና ነው ያልኳችሁ ተሳስቼ ነው አለ። አንዳንዶቹ ተቆጡ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የትኛውን ቃልህን እንመን ብለው ጠየቁት። መሪጌታ ግን መጽሐፎቻቸውን በአህያ ጭነው ቀድመው መንገድ ጀመሩ። እሳቸው ሲሄዱ ሌላው ተከተለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሰማንያ ሦስቱ ቤቶች አንድም ሰው አልቀረም፤ ሁሉም ከማዶ ባለው ትምህርት ቤት ግቢ ተጠለሉ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ተራራው ወረደ። ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ከባድ መኪና ነበር ይላሉ የሰሙት። አቧራው ሲበተን ከመንደሪቱ የቀረው ታችኛው ዳር ያለ ጥቂት ቤት ብቻ ነበር። ከብት ጠፋ፣ ቀፎ ጠፋ፣ ጎተራ ከነእህሉ ጠፋ። ሰው ግን አንድም አልሞተም።

ይርዳው ተመሰገነ። ከወረዳው ሰዎች መጥተው በሕዝብ ፊት የምስጋና ወረቀት ሰጡት። ሴቶች እልል አሉለት። እሱ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ጉብታው ተመለሰ፤ ደብተሩን ከፈተና ከሰኔ ጀምሮ ያለውን ቁጥር ሁሉ እንደገና በሺህ እያባዛ መጻፍ ጀመረ። ማንም አላዘዘውም። ሲጽፍ ሲጽፍ እሑድ ላይ ደረሰ። ዜሮ ነጥብ አሥራ አራት። መቶ አርባ ሆነ። ወሰኑ መቶ ሠላሳ ሦስት ነው። ተራራው ወሰኑን ያለፈው እሑድ ማለዳ ነበር። ዘለቀ የሞተው ማክሰኞ ነው።

ፍሬሕይወት በሳምንቱ ሪፖርት ልታዘጋጅ ስትመጣ ደብተሩን አሳያት። ቁጥሩን አይታ ከአግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጥፋቱ የአንድ ሰው እንዳልሆነ፣ እሷም መጠየቅ እንደነበረባት ነገረችው። ቀጥላም ሪፖርቱ የሚጠይቀው የሰኞውን ብቻ እንደሆነ፣ የእሑዱን ቁጥር ፈልጎ የሚያይ ሰው እንደማይኖር፣ ሟቹም እንደማይመለስ ተናገረች። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። ይርዳውም ፈርቶ ነበር። አንድ ሌሊት አሰበበት። ሲነጋ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ወረደ፤ እሷም በቢሮው መኪና ተከተለችው። በር ላይ ሲደርሱ ግን መውረድ አቃታትና መኪናው ውስጥ ቀረች።

ማንጠግቦሽ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። የሚሸምነው ሰው ባይኖርም እጇ ሥራ አልፈታም። ይርዳው ይቀመጡ እስክትለው ሳይጠብቅ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያም የመጣበትን ሳይጠመዝዝ ነገራት። ተራራው መነቃነቁን መሣሪያው እሑድ እንደነገረው፣ እሱም መጻፉን፣ ነገር ግን የምን ቁጥር እንደሆነ አለመጻፉን ነገራት። ቀብር ላይም ዝናቡ ነው ብሎ የተናገረው ስህተት መሆኑን ተናገረ።

እንዝርቷን አቆመች።

«ያን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር?»

«አይፈጅም። ሁለት ፊደል ነበር።»

ማንጠግቦሽ አላለቀሰችም። ፈትሉን በእጇ እያሸች ስለ ባሏ ማውራት ጀመረች።

«ዘለቀ ጋቢ ሲያዙት ስምንት ክንድ ቢሉት፣ በማን ክንድ ሳይል ድር አይዘረጋም ነበር። ሰው ይስቅበታል፤ ክንድ ክንድ ነው ይሉታል። እሱ ግን የሚለብሰውን ሰው አምጡልኝ ይላል። አንድ ቀን ለአንድ ጋቢ ብሎ ያዘዘውን ሰው ከገበያ አስመልሶታል። እኔ ራሴ ተቆጥቼዋለሁ፤ ምን ታካብዳለህ እያልኩ።»

ይርዳው አንገቱን ደፋ።

«ዛሬ ይቅር ልልዎ አልችልም» አለችው። «ሌላ ቀን እንደሆነ አላውቅም። ነገር ግን መጥተው ስለነገሩኝ ደግ አደረጉ። ዝናብ ነው ስላሉኝ ይኸን ሁሉ ቀን እግዜርን ስከስ ነበር።»

በዚህ መሐል ፍሬሕይወት ከመኪናው ወርዳ የድንኳኑ በር ላይ ቆማ ነበር። ምን ያህሉን እንደሰማች አይታወቅም። ገብታ ከይርዳው አጠገብ ተቀመጠችና እሷም የራሷን ተናገረች። ሪፖርቱን ስትጽፍ የእሑዱን ቁጥር ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር አሰፈረችው። ለዚህም ተጠየቀችበት፤ እድገቷም ለሁለት ዓመት ዘገየ። ማንጠግቦሽ ካሳ ተቆርጦላት ከእህቷ ጋር ሌላ ቦታ ቤት ሠራች። ይርዳውም ሌላ ተራራ እንዲለካ ተመደበ። ከዚያ ወዲህ አጠገቡ ስም ያልተጻፈለት ቁጥር ሲያይ እጁ ሥራ እምቢ ይለው ነበር። የገበያ ወረቀት ላይ እንኳ ሦስት ብሎ ጽፎ ኪሎ የሚለውን ሳይጨምር አያጥፈውም። የሥራ ባልደረቦቹ ይህን እንደ አመል ቆጥረው ይቀልዱበታል። እሱም ምክንያቱን አይነግራቸውም።

ወዳጆቼ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰነፍ ሰው የለም። ውሸታም ሰውም የለም። ቁጥሩ ትክክል ነበር፣ መመሪያውም ትክክል ነበር፣ መሣሪያውም ትክክል ነበር። የጎደለው አንዱ ሌላው የሚያውቀው መስሎት ያልነገረው ነገር ብቻ ነበር። አብዛኛው ጥፋታችን ካለማወቅ አይመጣም፤ ሌላውም እንደ እኛ ያውቃል ብሎ ሳይናገሩ ከመቅረት ይመጣል። ደግሞም ምንም ነገር በራሱ ትንሽ ወይም ትልቅ አይደለም፤ ትንሽ የሚያሰኘው የያዝነው መስፈሪያ ነው። በአንዱ መስፈሪያ አንድ ያልሞላው በሌላው አራት መቶ ይሆናል። የልጅ ቅሬታ፣ የትዳር ጓደኛ ዝምታ፣ የሠራተኛ አቤቱታ በእኛ መስፈሪያ ዜሮ ነጥብ ሆኖ ሳለ በባለቤቱ መስፈሪያ ወሰኑን ያለፈው ምናልባት እሑድ ዕለት ይሆናል።

እስቲ እናስብ፦ ዛሬ «ይህማ ትንሽ ነገር ነው» ብለን ያለፍነውን ነገር የሰፈርነው በማን መስፈሪያ ነው? ባለቤቱንስ ጠይቀነዋል?